ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል የሚከፈተው መስኮት፦ የአንድ ሜታዶን ክሊኒክ አገልግሎት ግምገማ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የሚገኝ አንድ የሜታዶን (የሄሮይንና የመሰሎቹ ሱስ የሚታከምበት፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት) ክሊኒክ የሚሰጠውን አገልግሎት እነሆ ለሁለት ዓመት ከአምስት ወር ተጠቅመናል። «ተጠቅመናል» ማለቴ፣ መድኃኒቱን የሚወስደው ታናሽ ወንድሜ ቢሆንም የመንጃ ፈቃዱ ታግዶ ስለነበር በየማለዳው ያደረስሁትና መኪና ውስጥ ተቀምጬ የጠበቅሁት እኔ ስለሆንሁ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ቅሬታዎች ስላሉ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ ደግሞም በመኪና ማቆሚያው ከተዋወቅኋቸው ሌሎች ቤተሰቦች እንደሰማሁት አብዛኛው ቅሬታ በሌሎች ክሊኒኮችም የሚታይ ነው። ወንድሜ ረቂቁን አንብቦ እንዲወጣ ፈቅዷል፤ ሁለት ቦታ ላይም «እዚህ ጋ አጋነንሽ» ብሎ አሳርሞኛል።

ወንድሜ ወደዚህ የደረሰበት መንገድ በዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በዕቃ መጋዘን ሲሠራ ወገቡን ተጎዳ፤ ኦክሲኮዶን የተባለ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት፤ ማዘዣው ሲቆም ሰውነቱ ለምዶት ነበርና ከመንገድ ላይ መግዛት ጀመረ። ከመንገድ የሚገዛው ሰማያዊ ክኒን ኦክሲኮዶን መስሎ የተሠራ፣ ከእርሱ እጅግ የበረታ ፌንታኒል መሆኑን ያወቅነው ወጥ ቤት ወለል ላይ ትንፋሹ ተቋርጦ ባገኘሁት ሌሊት ነው። አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ስላለሁ በቦርሳዬ ሁለት ናሎክሶን፣ ማለትም የእነዚህን መድኃኒቶች ጉዳት የሚቀለብስ የአፍንጫ ርጭት፣ ነበረኝ፤ ሁለቱንም በአፍንጫው ረጭቼ፣ እስትንፋስ እየሰጠሁት አምቡላንስ ደረሰ። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2022፣ በአሜሪካ ወደ 108,000 የሚጠጋ ሰው ከመጠን በላይ በተወሰደ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ ሲሞት ወደ 82,000 በሚሆኑት ሞት ውስጥ ኦፒዮይድ (ኦክሲኮዶን፣ ፌንታኒልና ሄሮይን የሚገኙበት የመድኃኒት ዓይነት) ነበረበት። ስለዚህ አንባቢ ይህን አገልግሎት በምን መለኪያ እንደምመዝነው ከወዲሁ እንዲያውቅልኝ እፈልጋለሁ፦ የመጀመሪያው መለኪያዬ ወንድሜ በሕይወት መኖሩ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ አገልግሎቱ ሰውን ተመልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ ወይም የሚያባርር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ክሊኒኩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ይከፈታል፤ መድኃኒት የሚሰጥበት መስኮት ደግሞ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ታካሚው ተራ ይይዛል፤ መታወቂያውን ያሳያል፤ ነርሷ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ስሙንና የሚወስደውን መጠን ከኮምፒውተሩ ጋር ታመሳክራለች፤ ከዚያም ማሽኑ የለካውን ቀይ ፈሳሽ በትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ትሰጠዋለች። ታካሚው እዚያው ፊቷ ይጠጣል፤ ስኒዋን በውሃ አለቅልቆ ያንንም ይጠጣል፤ ከዚያ መዋጡ እንዲታወቅ አንድ ሁለት ቃል ይናገራል። ወንድሜ በየቀኑ «ደኅና ዋዪ» ይላት ነበር፤ እሷም በሦስተኛው ወር ገደማ ቃሉን ይዛ «ደና ዋል» ማለት ጀመረች። ወረፋው ካልበዛ ሁሉም ነገር በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት በኋላ የመጣ ሰው ግን አርባ ደቂቃም ሊቆም ይችላል።

የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቶብናል፤ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም። ሐኪሙ መረመረው፤ ደምና ሽንት ተወሰደ፤ ሜታዶን የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተደረገለት፤ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት፣ በተለይም የእንቅልፍና የጭንቀት ክኒን እንዲሁም አልኮል መኖሩን ደጋግመው ጠየቁት። የጀመሩለት በ30 ሚሊግራም ነበር። በሐራራ ለሚንቀጠቀጥ ሰው ይህ እጅግ ጥቂት ነው፤ ወንድሜም መኪና ውስጥ ገብቶ «እትዬ፣ ውሃ ነው ያጠጡኝ» ብሎ አለቀሰ። ነርሷን ጠይቄ የተረዳሁት ግን መቸኮል ሊገድለው ይችል እንደነበር ነው። ሜታዶን ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው፤ ዛሬ የተወሰደው ሳያልቅ የነገው ይጨመርበታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ምንም ያልመሰለ መጠን በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን ትንፋሽን ሊያቆም ይችላል። በዚህ ሕክምና ውስጥ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ከኋለኞቹ ይበልጥ አደገኛ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ነው። ክሊኒኩ መጠኑን በጥንቃቄ እያሳደገ፣ በየጊዜው «እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል? ላብ አለህ? ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ ያምህ ጀመር?» እያለ በሁለት ወር ከሳምንት ውስጥ 95 ሚሊግራም ላይ አደረሰው። እዚያ ላይ ሐራራው ቆመ። በዚህ ጉዳይ ክሊኒኩን ያለ ማቅማማት አመሰግናለሁ።

መድኃኒቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጀርመን ውስጥ በ1930ዎቹ መጨረሻ ለሕመም ማስታገሻነት የተሠራ ሲሆን፣ ለሱስ ሕክምና የዋለው ግን በ1964 ዶክተር ቪንሰንት ዶል እና ዶክተር ማሪ ናይስዋንደር በኒው ዮርክ ሮክፌለር ተቋም ሥራቸውን ሲጀምሩ ነው፤ በማግስቱ ዓመት ያወጡት የመጀመሪያ ዘገባ ስለ 22 ታካሚዎች ብቻ የሚናገር ነበር። ሄሮይንም ሆነ ፌንታኒል በሰዓታት ውስጥ ሰውን አውጥተው መልሰው የሚጥሉ ናቸው፤ ሱሰኛው ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው ያንን መውደቅ ለመሸሽ ነው። ሜታዶን ግን በአንጎል ውስጥ ኦፒዮይድ የሚያርፍበትን ያንኑ ቦታ ይዞ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል፤ መጠኑ በትክክል ከተገኘ ምርቃና የለውም፤ ሐራራም የለውም፤ ሰውየው ሌላ ኦፒዮይድ ቢወስድ እንኳ እንደ ቀድሞው አይሰማውም። ወንድሜ ከ95 ሚሊግራም በኋላ ያደረገው የመጀመሪያ ነገር ቁርስ በልቶ መላጨት ነው። ነገሩ እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ነገር ግን ለአንድ ዓመት ከግማሽ ያህል ይህን ሲያደርግ አላየሁትም ነበር።

እናታችን አብራን ነው የምትኖረው። በመጀመሪያው ወር አንድ ማታ ቡና እያፈላች «ከአንዱ ጉድጓድ አውጥተሽ ሌላው ውስጥ ከተትሽው እንዴ? ይኼስ ያው ሱስ አይደለም ወይ? መቼ ነው የሚያቆመው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ ከሐበሻ ወዳጆቻችን ያልጠየቀኝ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴም በስልክ «የፈረንጅ ነገር ነው» ብላ ደምድማለች። ለአክስቴ የመለስሁላት አጭር ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው በ2005 ነው፤ ታንዛኒያ በዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል በ2011፣ ጎረቤታችን ኬንያም በ2014 መጨረሻ ይህንኑ ሕክምና ጀምረዋል። ለእናቴ ግን ቁጥር ይዤ ቀረብሁ፤ ምክንያቱም እናቴ በመርካቶ ሱቅ ይዛ ያሳደገችን ሴት ስለሆነች ቁጥር ይገባታል።

በ2017 በታላቁ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከ122,000 በላይ ሜታዶን የወሰዱ ሰዎችን የተከታተሉ ጥናቶችን አንድ ላይ አጠናቅሯል። በሕክምናው ውስጥ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህሉ ሲሞቱ ሕክምናውን ካቋረጡ 1,000 ሰዎች ግን 36 ያህሉ ይሞታሉ፤ ከመጠን በላይ በመውሰድ ብቻ የሚሞቱትን ነጥለን ካየን ደግሞ በሕክምና ውስጥ ከ1,000 ሦስት እንኳ አይሞላም፣ ከሕክምና ውጭ 13 ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በማሳቹሴትስ ግዛት ደግሞ ከመጠን በላይ ወስደው ከሞት የተረፉ 17,568 ሰዎችን የተከታተለ፣ በ2018 የወጣ ጥናት፣ ሜታዶን ከወሰዱት መካከል የሞት መጠኑ ሳይወስዱ ከቀሩት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች መውረዱን አሳይቷል። ወንድሜ በትክክል ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነበር፤ ከወጥ ቤት ወለል የተነሣ ሰው። እናቴ ዝም ብላ ሰምታ ሁለተኛውን ቡና ቀዳችና «እንግዲያው ሠላሳ ስድስቱ ውስጥ አታስገቢብኝ» አለች። ከዚያ በኋላ «መቼ ያቆማል» የሚለውን ጥያቄ ከእርሷ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከላይ የጠቀስሁት ቁጥር የሚለው አንድ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው እስከተወሰደ ድረስ ብቻ ነው። ሰው ሕክምናውን ሲያቋርጥ ሰውነቱ የለመደው መጠን በፍጥነት ይወርዳል፤ ሲያገረሽበት ግን እጁ የሚዘረጋው ወደ ቀድሞው መጠን ነው፤ በዚህም ምክንያት ከሕክምና ከወጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ ገዳይ ናቸው። ሩሲያ ሜታዶንን የምትከለክል አገር ናት፤ በ2014 ክሬሚያን ስትይዝ በዚያ በሕክምና ላይ የነበሩ 800 ያህል ሰዎች መድኃኒታቸው ተቋረጠ፤ የተባበሩት መንግሥታት የኤችአይቪ ልዩ መልእክተኛ የነበሩት ሚሼል ካዛችኪን በማግስቱ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከእነዚህ መካከል ከ80 እስከ 100 የሚሆኑት መሞታቸውን ተናግረዋል። እንግዲህ ታካሚውን በሩ ላይ የሚያንገላታ ክሊኒክ፣ ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አይመስለኝም፣ የሚጫወተው በምን እንደሆነ ማስተዋል ነበረበት።

በየካቲት ወር አንድ ማለዳ ቤልትዌይ በሚባለው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ መንገድ ተዘጋጋና መስኮቱ ከተዘጋ ስድስት ደቂቃ በኋላ ደረስን። ነርሷ ከመስታወቱ ጀርባ ቁጭ ብላ ትታያለች፤ ማሽኑም በርቷል። የጥበቃ ሠራተኛው ግን «ነገ» አለን። ወንድሜ ያን ቀንና ሌሊት እንዴት እንዳሳለፈው አልዘረዝርም፤ እኔ አጠገቡ ወንበር ላይ አደርሁ። በሌላ ጊዜ በረዶ ጥሎ ክሊኒኩ ሰዓቱን ሲቀይር መልእክት የላከልን ሰው አልነበረም። በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ታካሚ ደግሞ መጠኑ እንደገና ይታያል፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ይደረጋል፤ ይህ ለደኅንነት ሲባል የተደረገ ስለሆነ አልቃወመውም፤ የምቃወመው ሰውየው ለምን እንደቀረ ደውሎ የሚጠይቅ አለመኖሩን ነው። በዚያ መኪና ማቆሚያ የማውቃቸው ሁለት ሰዎች እንዲህ ቀርተው በዚያው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ ማን እንደጠየቃቸው እኔ አላየሁም።

ወደ ቤት የሚወሰደው መድኃኒት ጉዳይም አለ፤ እዚህ ሁሉም ሰው «ቴክ ሆም» ነው የሚለው። በአሜሪካ ሜታዶን ለሱስ ሕክምና እንደ ሌላ መድኃኒት በማዘዣ ከፋርማሲ አይገዛም፤ በእንግሊዝና በካናዳ ከሠፈር ፋርማሲ መውሰድ ሲቻል እዚህ ግን ፈቃድ ካለው ክሊኒክ ብቻ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሕጉ ጥብቅ ነበር፤ በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ላላ፤ በ2024 በጸደቀው የፌዴራል ደንብ ደግሞ ክሊኒኩ ለታካሚው አደጋ የለውም ብሎ ካመነ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት እስከ 7 ቀን፣ ከ15ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 14 ቀን፣ ከ31ኛው ቀን ጀምሮ እስከ 28 ቀን የሚሆን መድኃኒት ቤት ይዞ እንዲሄድ ሊፈቅድለት ይችላል። «ይችላል» የምትለው ቃል ግን ለክሊኒኩ ሰፊ በር ትተዋለች። ወንድሜ በስምንተኛው ወር፣ የሽንት ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ አንድም ቀን ሳይቀር (ያችን የስድስት ደቂቃዋን ቀን ካልቆጠርንበት)፣ ከእሑድ በቀር አንድ ጠርሙስ አልተሰጠውም ነበር። ለምን ብዬ ስጠይቅ «የቤታችን ፖሊሲ ነው» ተባልሁ። በዚህ ምክንያት ከጠዋቱ 1 ሰዓት የሚጀምር ቋሚ ሥራ ሁለት ጊዜ አምልጦታል። ሰውን ወደ ሥራና ወደ ኑሮ ለመመለስ የቆመ አገልግሎት ሥራ እንዳይዝ ሲያደርገው ማየት ያበሳጫል። በጽሑፍ አቤት ካልን በኋላ፣ በአሥራ አንደኛው ወር፣ ስድስት ጠርሙስ ፈቀዱለት።

ስለ ሠራተኞቹ በአንድ ቃል መፍረድ አይቻልም። በመስኮቱ ያሉት ነርሶች ከማውቃቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። ወንድሜ ድብቅ የሳንባ ነቀርሳ ተገኝቶበት ሌላ ሐኪም ሪፋምፒሲን አዘዘለት፤ በሳምንቱ እንደገና ያንቀጠቅጠው፣ ያስመልሰው ጀመር፤ እኔ ማገርሸት መስሎኝ ክፍሉን እስከመፈተሽ ደርሻለሁ፤ እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ። ነርሷ ግን «አዲስ መድኃኒት ጀምረሃል?» ብላ ጠየቀችው፤ ሪፋምፒሲን ሜታዶንን ከሰውነት ቶሎ እንደሚያስወግድ የምታውቅ እሷ ነበረች፤ የክሊኒኩ ሐኪም በዚያው ቀን ሌላውን ሐኪም አነጋግሮ ሕክምናው ተስተካከለ። ከአገራችን የምንመጣ ብዙዎቻችን ይህ ምርመራ ስለሚደረግልን ሌሎችም ይጠንቀቁበት። አማካሪዎቹ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ተቀያይረዋል፤ ወንድሜ ታሪኩን ከመጋዘኑ አደጋ ጀምሮ አራት ጊዜ ተርኳል፤ አምስተኛዋ ስትጠይቀው «ፋይሉ ላይ አለልሽ» ብሎ ዝም አለ። ሽንት ሲሰጥ ሰው ቆሞ የሚያየው መሆኑም ለአንድ አዋቂ ወንድ ውርደት ነው። ቅጾቹ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ናቸው፤ በዚህ ሠፈር ስንት ሐበሻ እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚገርም ነው።

የሃይማኖት ነገር በቅጽ ላይ ባይጻፍም ለእኛ ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር ማለት እችላለሁ። በዓቢይ ጾም ወንድሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም መድኃኒቱን ማለዳ መጠጣቱ ጾሙን እንደሚያፈርስበት አስቦ ተጨነቀ፤ የንስሐ አባታችን መድኃኒት መሆኑን ሲሰሙ ያለ ምንም ማመንታት እንዲወስድ አዘዙት። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቀን አንድ ሰው ግን መድኃኒቱን አቁሞ ጠበል እንዲገባ ሲወተውተው ከርሟል። የንስሐ አባታችን ይህንንም ሰምተው «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይጠጣ፤ አንዱ ከሌላው ጋር ምን አጣላው?» አሉ። ሁሉም ቤተሰብ እንዲህ ያለ አባት አያገኝም፤ ስለዚህ ጉዳዩን አስቀድሞ ማንሣቱ ይበጃል።

ወጪውን በተመለከተ ወንድሜ ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ስላለው ከኪሱ የሚከፍለው የለም፤ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው ሜዲኬርም ከጥር 2020 ጀምሮ ይህን ሕክምና ይሸፍናል። ከኪሱ ለሚከፍል ግን ቀላል አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት ከዓመታት በፊት ባወጣው ግምት ምክሩንና ምርመራውን ጨምሮ በሳምንት 126 ዶላር ይሆናል። ከፋርማሲ የሚወሰደውን ቡፕረኖርፊን፣ ማለትም ብዙ ሰው ሰቦክሶን የሚለውን፣ አስቀድመን ሞክረነዋል፤ በየማለዳው መመላለስን የሚያስቀር ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ለእርሱ ግን በሰውነቱ ከነበረው ፌንታኒል ጋር ተጋጭቶ ገና በመጀመሪያው ቀን ከባድ ሐራራ ስላመጣበት ሊቀጥልበት አልቻለም። የሜታዶን የጎንዮሽ ጉዳቱም አለ፤ ላብ ያልበዋል፤ አፉ ይደርቃል፤ ሆድ ድርቀቱ ብርቱ ነው። ለድርቀቱ ከክሊኒኩ የተሰጠው ነገር ብዙም ስላልረዳው እናቴ በየማታው ተልባ ትበጠብጥለታለች፤ በዚህ ዘርፍ ከአምስት አምስት የምሰጠው ለእርሷ ነው።

አሁን ወንድሜ የ14 ቀን መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ በየሁለት ሳምንቱ ማክሰኞ ይሄዳል፤ መንጃ ፈቃዱ ስለተመለሰለት የሚሄደውም ራሱ ነው። ለመድኃኒቱ ከአምስት አምስት፣ ለነርሶቹ አምስት፣ ለአማካሪዎቹ ሁለት፣ ለደንቡና ለጥበቃው በር አንድ እሰጣለሁ። ድምሩን አላወጣሁም፤ የነርሷና የበሩ ነጥብ ሲደመር የሚሰጠው አማካይ ማንንም አይመስልምና። ሆኖም ዛሬ ሌላ ዘመድ ቢገጥመኝ ወደዚያው ክሊኒክ ይዤው እሄዳለሁ።

ለሚሄድ ሰው፦ የታደሰ መታወቂያና የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር ይያዙ፤ ለመጀመሪያው ቀን ከሥራ ሙሉ ፈቃድ ይውሰዱ፤ ናሎክሶን ቤት ውስጥ ይኑር፣ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። «ቴክ ሆም» ሲፈቀድ ክሊኒኩ መቆለፊያ ያለው ሣጥን ይጠይቃል፤ አንድ አዋቂ የለመደው መጠን ሕፃን ልጅን ይገድላልና ሣጥኑ ጠንካራ ይሁን። እኛ የገዛነው ሣጥን አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፤ ጠፍቶብን ሣጥኑን በመጋዝ ከፍተነዋል፤ ሁለት ቁልፍ ያለውን ይግዙ። መኪና ማቆሚያው ከ12 ሰዓት በኋላ ቦታ ስለማይገኝበት ከኋላ ባለው የጎማ ቤት በኩል ይግቡ።